ትሬድ፣ ፕሮሰስ ወይስ አሲንክአይኦ? በፓይተን ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ለማስኬድ የትኛው ይሻላል

የፓይተን ፕሮግራም ሲንቀራፈፍ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰበው «ትሬድ እንጨምርበት» ነው። ትሬድ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር ነው። አንዳንዴ 4 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሥራ በ15 ሰከንድ ያልቃል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይለወጥም፤ እንዲያውም ይብሳል። ልዩነቱ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ፕሮግራሙ ጊዜውን የሚፈጀው በመጠበቅ ነው ወይስ በማስላት? መልሱ ሳይታወቅ የሚደረግ ምርጫ ግምት ብቻ ነው።

ስለዚህ ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ለኩ። ሊኑክስ ወይም ማክ ላይ ፕሮግራሙን የምታስነሱበት መስመር መጀመሪያ ላይ «ታይም» የሚለውን ትእዛዝ ጨምሩና አስኪዱት። ሲጨርስ ሦስት ቁጥሮች ያወጣል። «ሪል» በግድግዳ ሰዓት ያለፈው ጊዜ ነው፤ «ዩዘር» ፕሮሰሰሩ የእናንተን ኮድ ሲያሰላ ያሳለፈው ነው፤ ሦስተኛው እዚህ አያስፈልገንም። ሪል 4 ደቂቃ፣ ዩዘር 6 ሰከንድ ከሆነ ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ብሎ ሰርቨር ወይም ዳታቤዝ እየጠበቀ ነው። ሁለቱ ከተቀራረቡ ግን ፕሮሰሰሩ ፋታ አላገኘም ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ የሚነሣው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው።

ጊል የሚከለክለውና የማይከለክለው

አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ፓይተን፣ ማለትም ሲፓይተን፣ ጊል የሚባል አንድ የጋራ ቁልፍ አለው። የፓይተን ኮድ ማስኬድ የሚችለው ቁልፉን የያዘው ትሬድ ብቻ ነው። ስምንት ኮር፣ ማለትም ለየብቻው የሚያሰላ ስምንት የፕሮሰሰር ክፍል፣ ባለው ማሽን ላይ ስምንት ትሬድ ብታስነሡ በአንድ ቅጽበት የሚያሰላው አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። ከ3.2 ቨርዥን ጀምሮ፣ ተራ የሚጠብቅ ካለ ቁልፉን የያዘው ትሬድ 5 ሚሊሰከንድ ካለፈ በኋላ እንዲለቅ ይጠየቃል።

ትሬዱ ከኔትወርክ መልስ ሲጠብቅ፣ ፋይል ሲያነብ ወይም «ስሊፕ» ሲል ግን ቁልፉን ለሌላው ትቶ ነው የሚጠብቀው። ትሬድ ፓይተን ላይ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። በሲ ቋንቋ የተጻፉ አንዳንድ ላይብረሪዎችም ከባዱን ስሌት ሲጀምሩ ቁልፉን ይለቃሉ፤ የናምፓይ ብዙዎቹ የድርድር ስሌቶች፣ የዚሊብ መጭመቅ፣ ከ2047 ባይት የሚበልጥ ዳታ የተሰጠው ሃሽሊብ እንዲህ ያደርጋሉ። ሥራችሁ በእነዚህ ላይ ካረፈ ለስሌትም ቢሆን ትሬድ ሊበቃችሁ ይችላል።

የሚዘነጋ ነገር አለ። «ልቀቅ» የሚለው ጥያቄ የሚታየው በሁለት የባይትኮድ መመሪያዎች፣ ማለትም ፓይተን ኮዳችሁን ተርጉሞ በሚያስኬዳቸው ትንንሽ እርምጃዎች፣ መካከል ነው። በሲ ወደተጻፈ አንድ ረጅም ጥሪ የገባ ትሬድ፣ ጥሪው ራሱ ቁልፉን ካልለቀቀ በቀር፣ 5 ሚሊሰከንዱ ቢያልፍም አይሰማም። የአማርኛ ጽሑፍ ስታጸዱ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ትመልሳላችሁ። 100 ሜጋባይት ጽሑፍ በአንድ «ትራንስሌት» ጥሪ ካሳለፋችሁ ጥሪው እስኪያልቅ ሌላ ትሬድ አንድ መስመር ፓይተን አያስኬድም። መስኮት ያለው ፕሮግራም ከሆነ አዝራሮቹ ይደርቃሉ። የፓተርን ፍለጋ የሚሠራው «አርኢ» ሞጁልም ቁልፉን እንደያዘ ነው የሚፈልገው። መፍትሔው ጽሑፉን በትንንሹ ከፍሎ ማሳለፍ ነው፤ ፍጥነት ከተፈለገ ግን ወደ ፕሮሰስ፣ ማለትም የራሱ ሜሞሪ ይዞ ለብቻው ወደሚሄድ ፕሮግራም፣ መሄድ ይሻላል።

ሥራው መጠበቅ ከሆነ፦ ትሬድ

600 ፋይሎች ማውረድ አለባችሁ እንበል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ 0.4 ሰከንድ ይፈጃል። አንድ በአንድ ከሄዳችሁ 240 ሰከንድ ነው። በ16 ትሬድ 38 ዙር ይሆናል፤ 15 ሰከንድ ገደማ። ሰርቨሩ ሩቅ በሆነ ቁጥር፣ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ሆናችሁ አሜሪካ ያለ ሰርቨር ስትጠይቁ፣ ከትሬድ የምታገኙት ጥቅም ይጨምራል፤ ጊዜውን የሚበላው ምልልሱ ስለሆነ።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ማነቆው ምልልሱ እስከሆነ ድረስ ነው። ፋይሎቹ እያንዳንዳቸው 2 ሜጋባይት ከሆኑና መስመራችሁ በሰከንድ 1 ሜጋባይት ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ 1200 ሜጋባይቱ 20 ደቂቃ መፍጀቱ አይቀርም። 16 ትሬድም ሆነ 160 ትሬድ መስመሩን አያሰፋውም።

ትሬድ ለመጀመር ዝቅ ካለው «ትሬዲንግ» ሞጁል ይልቅ «ኮንከረንት ፊውቸርስ» ውስጥ ያለውን ትሬድፑልኤክሰኪዩተር ተጠቀሙ። በ«ዊዝ» ትከፍቱታላችሁ፤ ለእያንዳንዱ ሥራ «ሰብሚት» ብላችሁ ፊውቸር፣ ማለትም ውጤቱ ሲደርስ የሚቀመጥበትን ዕቃ፣ ትቀበላላችሁ፤ ያለቁትን በ«አዝ ኮምፕሊትድ» እየለቀማችሁ «ሪዛልት» ትጠይቃላችሁ። የሠራተኞቹን ቁጥር ካልወሰናችሁ ከ3.8 ጀምሮ የኮሮቹ ቁጥር ሲደመር 4 ይሆናል፤ ጣሪያው 32 ነው። ባለ 4 ኮር ማሽን ላይ 8 ማለት ነው። ለኔትወርክ ሥራ ይህ ብዙ ጊዜ ያንሳል። በ8 ጀምሩ፣ ወደ 16፣ ከዚያ ወደ 32 እያሳደጋችሁ ለኩ፤ ጊዜው መቀነሱን ሲያቆም ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ተመለሱ። ሰርቨሩ 429 የሚል መልስ መስጠት ከጀመረ አብዝታችሁበታል። ዳታቤዝ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ አስሉ፦ ፖስትግሬስ ሳይነካ የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው። እያንዳንዳቸው ግንኙነት የሚከፍቱ 32 ትሬዶች ያሉት ፕሮግራም በአራት ቦታ ቢነሣ 128 ይሆናልና የቀረው ይመለሳል።

ትሬድ ላይ የሚያጋጥመው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የመጀመሪያው የተዋጠ ኤረር ነው። በ«ሰብሚት» የላካችሁት ሥራ ውስጥ ኤክሴፕሽን ቢነሣ ፊውቸሩ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ስክሪን ላይ አይወጣም። «ሪዛልት» ካልጠየቃችሁ ፕሮግራሙ በሰላም ያለቀ ይመስላል፤ ከ600 ፋይል 40ው እንዳልወረደ የምታውቁት ሌላ ቀን ነው። ውጤቱን ባትፈልጉትም «ሪዛልት» ጠይቁ።

ሁለተኛው ታይምአውት ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት «ሪኩዌስትስ» ላይብረሪ ካልነገራችሁት በቀር የጊዜ ገደብ የለውም። መልስ የማይሰጥ አንድ ሰርቨር አንድ ትሬድ ለዘለዓለም ይይዛል፤ ኤክሰኪዩተሩ ደግሞ ሠራተኞቹ ሳይጨርሱ ስለማይወጣ ፕሮግራሙ መጨረሻው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሁለት ቁጥር ስጡት፣ ለመገናኘት 5፣ ለማንበብ 30 ሰከንድ። ሁለተኛው ቁጥር የጠቅላላው ማውረጃ ገደብ እንዳልሆነ ግን አስታውሱ። ዳታ ሳይመጣ የሚያልፈውን ዝምታ ብቻ ነው የሚለካው፤ በየ20 ሰከንዱ ጥቂት ባይት የሚያንጠባጥብ ሰርቨር አያስቆመውም።

ሦስተኛው ሽሚያ ነው። ሁለት ትሬዶች አንድ ዲክሽነሪ ይጋራሉ እንበል፦ «ቁልፍ ቃሉ አለ? ከሌለ አስገባ»። አንደኛው «የለም» የሚል መልስ አግኝቶ ሳያስገባ ተራው ያልፋል፤ ሁለተኛውም «የለም» ብሎ ያስገባል፤ የመጀመሪያው ተመልሶ ይደርብበታል። ጊል ዲክሽነሪው ራሱ እንዳይበላሽ ይጠብቃል እንጂ የእናንተን «አይቶ ማስገባት» አይጠብቅም። ቆጣሪ ላይ 1 መደመርም እንዲሁ ነው፤ ማንበብ፣ መደመር፣ መልሶ መጻፍ ሦስት እርምጃ ናቸው። ከ3.10 ወዲህ ኢንተርፕሪተሩ ተራ የሚለውጥባቸው ቦታዎች ስለተወሰኑ የመማሪያ ምሳሌው ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ድምር ያወጣል። በዚህ እንዳትታለሉ፤ በመካከል አንድ የፈንክሽን ጥሪ ሲገባ ሽሚያው ይመለሳል።

መከላከያው ሁለት ነው። የጋራውን ነገር የሚነኩትን መስመሮች በሙሉ በአንድ «ሎክ»፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ በሚያሳልፍ ቁልፍ፣ ውስጥ ማስገባት፤ ወይም፣ እኛ የምንመክረው፣ ጭራሽ አለመጋራት። እያንዳንዱ ሠራተኛ ውጤቱን «ኪው» (ወረፋ) ላይ ያስቀምጥ፣ የሚጽፈው አንድ ትሬድ ብቻ ይሁን። ለኪዩው «ማክስሳይዝ» ስጡት፤ ካልሰጣችሁት አውራጆቹ ጸሐፊውን ቀድመው ሜሞሪውን ይሞሉታል። በአንድ ፋይል ለሚቀመጠው ዳታቤዝ ለኤስኪውላይት ይህ አሠራር የግድ ነው ማለት ይቻላል። የፓይተኑ ሞጁል በአንድ ትሬድ የተከፈተን ግንኙነት ሌላ ትሬድ ሲነካው ኤረር ያነሣል። ለየትሬዱ የየራሱን ብትከፍቱም በአንድ ጊዜ መጻፍ የሚችለው አንዱ ነው፤ ሌላው 5 ሰከንድ ጠብቆ «ዳታቤዙ ተቆልፏል» የሚል ኤረር ይዞ ይመለሳል።

ሎክ ከአንድ በላይ ካለ ሁሉም ትሬድ በአንድ ቅደም ተከተል ይያዛቸው። አንዱ ሀ ከዚያ ለ፣ ሌላው ለ ከዚያ ሀ ከያዘ አንድ ቀን ይጠላለፋሉ። ብዙም የማይታወቀው መጠላለፍ ፑሉ፣ ማለትም የኤክሰኪዩተሩ ሠራተኞች ስብስብ፣ ራሱ ውስጥ ያለው ነው፦ አንድ ሥራ ወደዚያው ፑል ሌላ ሥራ ልኮ መልሱን ሲጠብቅ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እንዲሁ ጠባቂ ከሆኑ የሚሠራ አይቀርም።

በመጨረሻ፣ ፓይተን ላይ ትሬድ ከውጭ መግደል አይቻልም። የጀመረ ፊውቸርንም «ካንስል» አያስቆመውም። ከመጀመሪያው «ኢቨንት»፣ ማለትም የ«ቁም» ምልክት፣ አዘጋጁና ሠራተኛው በየዙሩ ይመልከተው። በ30 ሰከንድ «ስሊፕ» ፋንታ የኢቨንቱን «ዌይት» በ30 ሰከንድ ተጠቀሙ፤ ቁም ሲባል ያኔውኑ ይነቃል። ትሬዱን «ዴመን» ማድረግ አቋራጭ ይመስላል፤ ግን ፕሮግራሙ ሲዘጋ በግማሽ ጽሑፍ ላይ ይቆረጥና የተጎረደ ፋይል ትቶ ይሄዳል።

ሥራው ስሌት ከሆነ፦ ፕሮሰስ

ስምንት ትልልቅ የአማርኛ ጽሑፍ ፋይሎች አሉ፤ ፊደሎቹን አንድ ማድረግና ቃላቱን መቁጠር ለእያንዳንዱ 30 ሰከንድ ይፈጃል። አንድ በአንድ 240 ሰከንድ ነው። በትሬድም ያው 240 ወይም ትንሽ በላይ ነው። ባለ 4 ኮር ማሽን ላይ በአራት ፕሮሰስ ግን ወደ 60 ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱ ኢንተርፕሪተርና የራሱ ጊል ስላለው። አጠቃቀሙ ከትሬዱ ጋር አንድ ነው ለማለት ይቻላል፤ ስሙን ፕሮሰስፑልኤክሰኪዩተር ብላችሁ ትለውጣላችሁ።

ዋጋው ያለው ማመላለሱ ላይ ነው። ፕሮሰሶች ሜሞሪ ስለማይጋሩ የምትልኩት ሁሉ «ፒክል» ሆኖ፣ ማለትም ወደ ባይት ተለውጦ፣ በቧንቧ አልፎ፣ ማዶ እንደገና ይገነባል። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ፋይል ውስጥ 3 ባይት ይይዛል፤ ፓይተን ሜሞሪ ውስጥ ሲያስገባው 2 ባይት ያደርገዋል፤ ፒክል ሲሆን ተመልሶ 3 ባይት ይሆናል፤ ማዶ ደግሞ 2። 200 ሜጋባይት ጽሑፍ ከዋናው ፕሮሰስ አንብባችሁ ብትልኩ ይህ ሁሉ ልወጣ በላዩ ይመጣል፤ ለጊዜውም ቢሆን ብዙ ቅጂ ሜሞሪ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ጽሑፉን ሳይሆን የፋይሉን አድራሻ ላኩ። ልጁ ፕሮሰስ፣ ማለትም ከዋናው የተነሣው፣ ራሱ ያንብብ፣ የቃላቱን ቆጠራ ብቻ ይመልስ። ሥራዎቹ ብዙና ጥቃቅን ከሆኑ ደግሞ «ማፕ» ላይ «ቸንክሳይዝ» 100 ወይም 500 አድርጉ፤ ሳይነካ 1 ነውና ለእያንዳንዷ ሥራ አንድ ምልልስ ይከፈላል።

«ላምዳ» ወይም ፈንክሽን ውስጥ የተጻፈ ፈንክሽን ፒክል አይሆንም፤ ወደ ሞጁሉ ላይኛ ደረጃ አውጡት። ዊንዶውስ ላይ፣ ከ3.8 ጀምሮም ማክ ላይ፣ ልጁ ፕሮሰስ ከባዶ ተነሥቶ ፋይላችሁን እንደገና ስለሚጭን ማስጀመሪያው ኮድ «ስሙ ሜይን ከሆነ» በሚለው ቅድመ ሁኔታ ሥር ካልገባ ልጁ ሌላ ልጅ ሊወልድ ይሞክርና በኤረር ይወድቃል። ሊኑክስ ላይ አጀማመሩ ለረጅም ጊዜ «ፎርክ»፣ ማለትም ያለውን ፕሮሰስ መቅዳት፣ ነበር፤ በ3.14 «ፎርክሰርቨር» ሆኗል። የተለወጠበት ምክንያት ለትሬድ ተጠቃሚ ቁም ነገር ነው። ፎርክ የሚቀዳው የጠራውን ትሬድ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ሌላ ትሬድ ሎክ ይዞ ከነበረ፣ በልጁ ውስጥ ሎኩ እንደተያዘ ይቀራል፤ የሚፈታው ትሬድ ግን እዚያ የለም። ከ3.12 ጀምሮ ፓይተን ስለዚህ ያስጠነቅቃል። ሁለቱን የምትቀላቅሉ ከሆነ፣ ለምሳሌ በትሬድ እያወረዳችሁ በፕሮሰስ የምታጸዱ ከሆነ፣ አጀማመሩን «ስፖውን»፣ ማለትም ከባዶ ማስነሣት፣ አድርጋችሁ በግልጽ ጻፉ።

የልጆቹንም ሜሞሪ አስሉ። እያንዳንዱ የሚጭናቸውን ላይብረሪዎች ሁሉ ለየብቻው ይይዛል። ሜሞሪ አልቆ ሊኑክስ አንዱን ልጅ ቢገድለው ፕሮሰስፑልኤክሰኪዩተር «ብሮክን ፕሮሰስ ፑል» ብሎ ያሳውቃል፤ የቆየው የ«መልቲፕሮሰሲንግ» ፑል ግን መልሱን ዝም ብሎ ሲጠብቅ ይኖራል። ለአዲስ ሥራ የመጀመሪያውን የምንመርጠው በዚህ ነው።

ግንኙነቱ በሺህ የሚቆጠር ከሆነ፦ አሲንክአይኦ

አሲንክአይኦ ብዙ ጠባቂ ሥራዎችን በአንድ ትሬድ ላይ በተራ የሚያስኬድ የፓይተን ሞጁል ነው። ተራ የሚለወጠው «አዌይት» ባላችሁበት ቦታ ብቻ ስለሆነ ሽሚያው ይቀንሳል፤ የት ሊመጣ እንደሚችልም ኮዱ ላይ ይታያል። ትሬድ በመቶዎች ሲቆጠር መክበድ ሲጀምር ይህ ግን አምስት ሺህ ክፍት ግንኙነት ያለ ችግር ይይዛል። የቻት ሰርቨር ወይም የቴሌግራም ቦት ከሆነ ሥራችሁ ትክክለኛው ቦታ ነው።

ለ600 ፋይል ማውረጃ ግን አያስፈልግም እንላለን። «ሪኩዌስትስ» አይሠራበትም፤ አሲንክ የሆነ ላይብረሪ ትፈልጋላችሁ፤ የዳታቤዝ ነጂውም መለወጥ አለበት፤ ከላይ እስከ ታች ያለው ፈንክሽን ሁሉ አሲንክ ይሆናል። አንዲት ተራ «ስሊፕ» ወይም ረጅም ስሌት በመካከል ከገባች የሁሉም ግንኙነት ትንፋሽ ይቆማል። ጥፋተኛዋን ለማግኘት «አሲንክአይኦ ረን»ን ዲበግ ከፍታችሁ አስኪዱት፤ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሉፑን፣ ማለትም ተራ የሚሰጠውን ዑደት፣ የያዘውን ይጽፍላችኋል። ያን ጥሪ ከ3.9 ጀምሮ ባለው «ቱ ትሬድ» ወደ ጎን ታወጡታላችሁ። በ«ክሪኤት ታስክ» የፈጠራችሁትን ታስክ ደግሞ በተለዋዋጭ ያዙት፤ ሉፑ ራሱ አጥብቆ ስለማይይዘው ሳያልቅ ሊጠፋ ይችላል። ከ3.11 ጀምሮ «ታስክግሩፕ» ይህንን ይሸፍናል።

ጊል የሌለው ፓይተን

በ2024 የወጣው 3.13 ጊል የሌለው ግንባታ ለሙከራ ይዞ መጣ፤ በ3.14 የሙከራ ስያሜው ተነሥቶለታል። አሁንም ግን ለብቻው የሚጫን ነው፤ ስሙ መጨረሻ ላይ «ቲ» ይታከልበታል። በዚህኛው ስምንቱ ትሬድ በስምንቱ ኮር ላይ በእውነት ያሰላል። በአንድ ትሬድ ሲሄድ የሚያስከፍለው መዘግየት በ3.13 ወደ 40 በመቶ ነበር፤ በ3.14 ከ5 እስከ 10 በመቶ ወርዷል።

ልትሞክሩት ከሆነ መጀመሪያ የምትጠቀሙባቸውን በሲ የተጻፉ ላይብረሪዎች ፈትሹ። ለዚህ ግንባታ መዘጋጀቱን ያላሳወቀ አንድ ላይብረሪ «ኢምፖርት» ሲደረግ ፓይተን ማስጠንቀቂያ ጽፎ ጊልን መልሶ ሥራ ላይ ያውለዋል፤ ማስጠንቀቂያውን ካላያችሁት ፍጥነቱ ለምን እንዳልጨመረ ግራ ይገባችኋል። ሁሉንም ከጫናችሁ በኋላ በ«ሲስ» ሞጁል ውስጥ ጊል ሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን የሚናገረውን ፈንክሽን ጠርታችሁ «ፎልስ» ማለቱን አረጋግጡ። ከዚያ ወደ ሎኮቻችሁ ተመለሱ። በጊል ሥር በየጥቂት ሳምንቱ አንዴ ይከሰት የነበረ ሽሚያ እዚህ በየደቂቃው ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ለውጡን የምትጀምሩት ትሬዶቹ የሚጋሩትን ነገር ሁሉ በዝርዝር ጽፋችሁ፣ እያንዳንዱ በየትኛው ሎክ ወይም በየትኛው ኪው እንደሚጠበቅ ካመለከታችሁ በኋላ ይሁን።